የጎማውን ቁጥር የሚወስነው ቸርኬው ነው

ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ጎማ አመራረጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሞተረኞች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። አጭርና ግልጽ ነው፤ ጸሐፊውም ለወገን አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። ነገር ግን ከሰጧቸው ሰባት ምክሮች አንዳንዶቹ ገንዘብ ያባክናሉ፤ ሁለቱ ደግሞ በቀጥታ ሰው ይጥላሉ። የጎማ ስህተት የሚታወቀው ቤት ውስጥ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ወይም ኩርባ ላይ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ ግድ ሆኗል።

ጽሑፉ የሚለው ሳይዛባ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ እንደ 2.75፣ 3.00 እና 3.50 ያሉት የኢንች ቁጥሮች ከገበያ እየጠፉ ስለሆነ ወደ ሚሊሜትር ቁጥር መዞር ያስፈልጋል፤ ለመለወጥም ሚሊሜትሩን ለ25.4 ማካፈል ይበቃል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ቁጥር፣ ማለትም የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች (17፣ 18፣ 19 ወይም 21)፣ ከገጠመ ጎማው ይገባል። ሦስተኛ፣ ከሚገቡት ውስጥ ሰፊውን መምረጥ ነው፤ ሰፊ ጎማ መሬት ይይዛል። አራተኛ፣ ቲዩብለስ ጎማ ከተገዛ ካላማዳሪ፣ ማለትም ነፋሱን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ አያስፈልግም። አምስተኛ፣ ቁጥራቸው አንድ ከሆነ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዞር ይቻላል። ስድስተኛ፣ ነፋሱ የሚሞላው ጎማው ጎን ላይ በተጻፈው ልክ ነው። ሰባተኛ፣ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ የተሠራበት ዓመት አያሳስብም።

ልክ የሆኑበትን ላስቀድም። የኢንች ቁጥር ያለው ጎማ ፍለጋ ከቀድሞው ይልቅ ማድከሙ እውነት ነው። ጎማ በወለቀ ቁጥር የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣት እየነኩ የላላውን መለየት ይገባል ማለታቸውም ጥሩ ምክር ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከ3.00-18 ወደ 90/90-18 መሄድ ይቻላል ያሉትም በብዙ ሞተር ላይ ይሠራል። የሚሠራው ግን እሳቸው ባሉት ምክንያት አይደለም።

ከ25.4ቱ ልጀምር። ኢንችን ወደ ሚሊሜትር ለመለወጥ ስሌቱ እንከን የለውም። ጎማ ላይ የማይሠራው በኢንች ቁጥሩ ውስጥ ያልተጻፈ ሌላ ቁጥር ስላለ ነው። 3.50-18 ሲባል ወርዱ 3.5 ኢንች ገደማ ነው፤ ቁመቱም፣ ማለትም ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ጫፍ ያለው፣ ከወርዱ ጋር እኩል ገደማ ነው። ይህ አልተጻፈም፤ በድሮው አሠራር የታወቀ ስለነበር ነው። 90/90-18 ላይ ግን ተጽፏል፦ ወርዱ 90 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ የወርዱ 90 በመቶ።

በአንድ ሞተር ላይ እንየው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራው ሆንዳ ሲቢ 350 ፊት 3.00-18፣ ኋላ 3.50-18 ነው። በጽሑፉ ስሌት 90 ለ25.4 ሲካፈል 3.54 ስለሚመጣ የኋላው ምትክ 90/90-18 ይሆናል። አሁን ከዳር እስከ ዳር እንለካ። 18 ኢንች 457 ሚሊሜትር ነው። የ90 ዘጠና በመቶ 81 ነው፤ ከላይና ከታች ሲደመር 162። ጠቅላላው 619 ይሆናል። 3.50-18 ደግሞ 457 ላይ ሁለት ጊዜ 89 ሲጨመር 635 ነው፤ በተግባር ሲለካ እስከ 640 የሚደርስም አለ። ስለዚህ ባለንብረቱ ከ16 እስከ 21 ሚሊሜትር ያጠረ ጎማ ሰቀለ ማለት ነው። 90/90-18 ከዳር እስከ ዳር እኩያው 3.00-18 ነው፤ እሱም ሲለካ 618 አካባቢ ይመጣል። የ3.50-18 እኩያ 100/90-18 ነው፤ ሲሰላ 637።

ያጠረው ጎማ ጉዳቱ ጸሐፊው እንዳሉት ፍጥነት መለኪያው ላይ አይደለም። በአብዛኞቹ አሮጌ ሞተሮች የፍጥነት መለኪያው ገመድ የሚነሳው ከፊት ቸርኬ ነው፤ የኋላ ጎማ ቢያጥርም ቢረዝምም መለኪያው አያውቀውም። የሚጎዳው የመሸከም አቅሙ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት አሃዝና አንድ ፊደል አለ፤ ለምሳሌ 51ፒ። አሃዙ የክብደት መለያ ነው፤ ፊደሉ የፍጥነት። 3.50-18 ላይ ብዙ ጊዜ 56 ይገኛል፤ ትርጉሙ 224 ኪሎ ነው። 90/90-18 ላይ የተለመደው 51 ነው፤ 195 ኪሎ። 29 ኪሎ ጎደለ፤ ይህም ሰውና ዕቃ የሚጫንበት የኋላ ጎማ ላይ። ፊደሉን በተመለከተ ጄ እስከ 100፣ ኤል እስከ 120፣ ፒ እስከ 150፣ ኤስ እስከ 180፣ ኤች እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከቀድሞው ጎማ ያነሰ አሃዝም ሆነ ያነሰ ፊደል መቀበል አያስፈልግም።

ማካፈሉ ይበልጥ የሚያሳስተው በ4.10 ላይ ነው። የኢንች ቁጥሮች ሁለት ቤተሰብ ናቸው። 2.75፣ 3.00፣ 3.25፣ 3.50፣ 4.00 የቀደሙት ናቸው፤ ቁመታቸው ከወርዳቸው ጋር ይቀራረባል። 3.60፣ 4.10፣ 4.60፣ 5.10 ደግሞ ኋላ የመጡ ናቸው፤ ቁመታቸው ከወርዳቸው ያንሳል። የያማሃ ዲቲ 125 የኋላ ጎማ 4.10-18 ነው፤ የፊቱ 2.75-21። 4.10ን ወደ ሚሊሜትር ሲለውጡ 104 ይመጣል። ‹‹የኢንች ጎማ ቁመቱ ከወርዱ እኩል ነው›› ብሎ የሚያስብ ሰው ቅርቡ 110/100-18 ነው ብሎ ይገዛል፤ ለገጠር መንገድ የሚሆን ጥርስ ያለው ስለሆነም ደስ ብሎት ይሰቅለዋል። ሲሰላ ከዳር እስከ ዳር 677 ሚሊሜትር ነው። 4.10-18 ግን ወደ 640 ገደማ ነው። ልዩነቱ 37 ሚሊሜትር ሆነ።

37 ሚሊሜትር የሚያመጣው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የኋላው ከፍ ስለሚል ሞተሩ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ መሪው ይቀላል፣ በፍጥነት ላይ መረጋጋቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ ማርሹ ከ5 በመቶ በላይ እንደረዘመ ይቆጠራል። በሜዳ ላይ ላይሰማ ይችላል፤ የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ግን በሁለተኛ ማርሽ ይገፋ የነበረው 125 ሲሲ ሞተር አንደኛ ይጠይቃል። ሦስተኛው፣ ጥርሱ ከፓራፋንጎው (ከጭቃ መከላከያው) ሥርና ከኋላው ሹካ መጋጠሚያ ጋር ይቀራረባል። ቆሞ ሲታይ ክፍተት ያለ ይመስላል፤ ሁለት ሰው ተቀምጦበት ጉድጓድ ሲገባ ይነካል።

ታዲያ በ4.10-18 ምትክ ምን ይሁን? ከዳር እስከ ዳር የሚቀራረቡት 100/90-18 (637) እና 110/80-18 (633) ናቸው። ይሁንና ሁለቱም ቢያንስ 2.15 ኢንች ወርድ ያለው ቸርኬ ይፈልጋሉ፤ የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች የኋላ ቸርኬ ላይ ብዙ ጊዜ ተመትቶ የሚገኘው 1.85 ነው። ስለዚህ ቸርኬው 1.85 ከሆነ ራሱን 4.10-18ን መፈለግ ነው፤ የሚያመርቱት አሉ። ይህም ወደ ዋናው ነጥብ ይወስደናል።

‹‹የመጨረሻው ቁጥር ከገጠመ ይገባል።›› እርግጥ ይገባል፤ ጎሚስታ በብረት ገፍቶ ያስገባዋል። ጥያቄው ከገባ በኋላ ምን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል የሚለው ነው። ቸርኬ ዲያሜትር ብቻ ሳይሆን ወርድም አለው፤ የጎማውን ቅርጽ የሚወስነውም እሱ ነው። ወርዱ ብዙ ጊዜ ቸርኬው ላይ ተመትቷል፦ 1.60×18፣ 1.85×18 በሚል መልክ። በአሮጌዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ ደብሊውኤም 1፣ ደብሊውኤም 2፣ ደብሊውኤም 3 የሚል ይገኛል፤ በቅደም ተከተል 1.60፣ 1.85 እና 2.15 ኢንች ማለት ነው።

ጽሑፉ ከዝገትና ከቀለም ብዛት የማይነበብ ከሆነ መለካት ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የሚለካው ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ አይደለም። ጎማው ከወለቀ በኋላ ሁለቱ የቸርኬ ግድግዳዎች በውስጥ በኩል፣ የጎማው ጠርዝ ተደግፎ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ያላቸው ርቀት ነው የሚለካው። 41 ሚሊሜትር ገደማ ከመጣ 1.60 ነው፤ 47 ከመጣ 1.85፤ 55 አካባቢ 2.15፤ 63 ወይም 64 ከሆነ 2.50። በውጭ የለካ ሰው የጠርዙን ውፍረት ስለሚጨምር የ1.60ውን ቸርኬ 2.15 ነው ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያም በዚሁ የተሳሳተ ቁጥር ጎማ ይገዛል።

ለትንንሽና ለመካከለኛ አሮጌ ሞተሮች ልኩ ይህ ነው። 2.75 ከ1.40 እስከ 1.85 ባለው ቸርኬ ላይ ይቀመጣል። 3.00፣ እንዲሁም 80/90 እና 80/100፣ ከ1.60 እስከ 2.15። 90/90 ከ1.85 እስከ 2.50። 100/90 ከ2.15 እስከ 2.75። 110/90 ከ2.15 እስከ 3.00። እንግዲህ 3.00-18 የነበረው ሰው ቸርኬው 1.85 ከሆነ 90/90-18 መስቀል ይችላል፤ ጸሐፊው ልክ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው። ቸርኬው 1.60 ከሆነ ግን 90/90 ከልኩ ውጭ ነው። በእሱ ምትክ 80/100-18 አለ፤ ሲሰላ 617 ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ከ3.00-18 ጋር አንድ ነው፤ በ1.60ውም ላይ ይፈቀዳል።

ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ የሚሆነውን በዓይን ማየት ይቻላል። ሁለቱ ጠርዞች ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ ጎኖቹ እንደ አምፖል ያብጣሉ፤ መሬት የሚነካው ክብ ጀርባ ይሾጥጣል። ቀጥ ብለው ሲሄዱ መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ በፍጥነት ያልቃል፣ የዳር ጥርሱ ግን እንደ አዲስ ይቀራል። ሲያጋድሉ ደግሞ ከሾጣጣው ጫፍ ወደ ጎን ድንገት ይወድቃል፤ ነጂው ‹‹መሪው ወደ ውስጥ ገባብኝ›› የሚለው ይህን ነው። በሌላ በኩል ጠባብ ጎማ ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲሰቀል ጀርባው ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጠርዙም በጉድጓድ ምት ከመቀመጫው ሊነቀል ይችላል።

በቁጥር ዝርዝሩ ላይ አንድ ትንሽ እርማት ላክል። ጽሑፉ ለገጠር መንገድ የተሠራ ሞተር ሁሉ የፊት ቸርኬው 21 ነው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1978ቱ ሆንዳ ኤክስኤል 250 ኤስ ግን ፊቱ 3.00-23 ነው፤ 21 ጎማ በምንም ተአምር አይገባም። ሱዙኪ ጂኤን 125 ፊት 2.75-18፣ ኋላ 3.50-16 ነው። ባጃጅ ቦክሰር ፊት 2.75-17፣ ኋላ 3.00-17። ሆንዳ ሲጂ 125 ደግሞ እንደ ዓመቱና እንደ ተሠራበት አገር ይለያያል፤ የብራዚሉ ታይታን 2.75-18 እና 90/90-18 ስለሆነ የሌላውም እንደዚያው ነው ማለት አይቻልም። በተለይ አሮጌ ሞተር ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ሲተላለፍ ቸርኬው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ የተሰቀለውን ጎማ ቁጥር ብቻ አንብቦ ያንኑ መግዛት የቀድሞውን ሰው ስህተት መቀጠል ነው።

ስለ ሰፊ ጎማ። ‹‹በሰፋ ቁጥር መሬት የሚነካው ቆዳ ይበዛል›› የሚለው ሐሳብ ለሚሰማው ሰው ልክ ይመስላል። መሬት የሚነካውን ስፋት በዋናነት የሚወስኑት ግን ክብደቱና ነፋሱ ናቸው። የኋላ ጎማ ላይ 140 ኪሎ ቢያርፍና ውስጡ ያለው ነፋስ 28 ፒኤስአይ ቢሆን፣ ማለትም በካሬ ሴንቲሜትር 2 ኪሎ ገደማ ቢገፋ፣ መሬት የሚነካው 70 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ጎማውን ቢያሰፉት ይህ 70 ቅርጹን ይለውጣል፤ አጠር ብሎ ሰፋ ይላል። የጎማው ጎን ጥንካሬ ትንሽ ለውጥ ያመጣል፤ ያም ቢሆን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። ጎማ መሬት መያዙ የሚመጣው ከላስቲኩ ዓይነት፣ ከዕድሜው፣ ከጥርሱና ከነፋሱ ልክ ነው።

በሰፊው ጎማ የሚከፈለው ዋጋ ግን እርግጠኛ ነው። ክብደት ይጨምራል፤ መሪው ይከብዳል። በካቴናው በኩል ያለው ክፍተት ይጠብባል። ጎማው ከተሰቀለ በኋላ ቸርኬውን በእጅ እያዞሩ ከካቴናው፣ ከፍሬን ዘንጉ፣ ከፓራፋንጎውና ከሹካው ያለውን ርቀት አንድ ሙሉ ዙር ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አሮጌ ቸርኬ ትንሽ መጣመሙ አይቀርም፣ ክፍተቱ በአንዱ በኩል 8 ሚሊሜትር ሆኖ በሌላው 3 ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ጠባብ በሆነው ቦታ ከ5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ያ ጎማ ለዚያ ሞተር አይሆንም።

ከዚህም ሌላ የእኛ አገር መረሬ አፈር አለ። በክረምት መረሬ ጎማ ላይ ይጠቀለላል፤ ዝቅ ያለ ፓራፋንጎ ባለው ሞተር ላይ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይታጨቅና የፊት ቸርኬውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል። የዲቲ የፊት ፓራፋንጎ ከፍ ብሎ የተሠራው ለጌጥ አይደለም። እንደ ሲጂ ባለ ዝቅተኛ ፓራፋንጎ ሞተር ላይ የፊቱን 2.75 ወደ 90/90 የሚያሰፋ ሰው ለጭቃው መውጫ የነበረውን ቦታ ዘጋው ማለት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነጥብ፦ ‹‹ቲዩብለስ ጎማ ከተገዛ ካላማዳሪ አያስፈልግም።›› ይህን ያነበበ ሰው በሽቦ ቸርኬ ላይ እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ። ቲዩብለስ የሚለው ቃል ጎማው ላይ ቢጻፍም ነፋሱን የሚይዙት ጎማውና ቸርኬው አንድ ላይ ሆነው ነው። የሽቦ ቸርኬ ለያንዳንዱ ሽቦ ቀዳዳ አለው፤ ብዙውን ጊዜ 36 ነው። በእያንዳንዱ በኩል ነፋስ ያመልጣል። በሲሊኮን ቢደፈን እንኳ ሌላ የጎደለ ነገር አለ፦ ለቲዩብለስ የተሠራ ቸርኬ የጎማውን ጠርዝ በመቀመጫው የሚይዝ ትንሽ ጉብታ በውስጡ አለው፤ የድሮው ቸርኬ የለውም። ነፋሱ ሲቀንስ ጠርዙ ወደ መሃል ጎድጓዳው ይገባና ጎማው በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። የፊት ጎማ ከሆነ መሪውን መያዝ አይቻልም።

በተቃራኒው ቲዩብለስ ጎማ በካላማዳሪ መስቀል ይቻላል፤ ቁጥሩና የቸርኬው ወርድ ከገጠሙ። ሁለት ጥንቃቄ አለው። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ጎማና ካላማዳሪ ሲፋተጉ ይሞቃሉ፣ ስለዚህ የፍጥነት ፊደሉ እንደተጻፈው ሳይሆን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይታሰብ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ቲዩብለስ ጎማ በውስጥ በኩል ሸካራ መስመሮች ወይም የተለጠፈ ወረቀት ስላለው ካላማዳሪውን ቀስ በቀስ ይልጠዋል። ከመስቀሉ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ ወረቀቱን መንቀል፣ ታልክ ዱቄት በስሱ መንስነስ ያስፈልጋል።

የካላማዳሪው ቁጥርም ከጎማው ጋር ይሂድ። ትልቁ ካላማዳሪ ትንሽ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፤ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ትንሹ ትልቅ ጎማ ውስጥ ሲነፋ እንደ ፊኛ ይሳሳል፤ ሚስማር ሲወጋው ቀስ ብሎ አይተነፍስም፣ ይቀደዳል። ጎማ ሲቀየር ካላማዳሪውም አብሮ ይቀየር፤ አሮጌው ከቀድሞው ጎማ ጋር ስለተለጠጠ በአዲሱ ውስጥ ይታጠፋል። የሽቦዎቹን ራስ የሚሸፍነው የቸርኬ ላስቲክም ደርቆ ከተሰነጠቀ መተካት አለበት። ያለ እሱ የሽቦ ራስ ካላማዳሪውን ከውስጥ በኩል ይበሳዋል፤ ጎሚስታውም ጎማው ላይ ሚስማር ሲፈልግ ይውላል።

ሲሰቀል ጠርዙ በትክክል መቀመጡ የሚታወቀው በጎማው ጎን፣ ከቸርኬው ጠርዝ ከፍ ብሎ ዙሪያውን በሚሄደው ቀጭን መስመር ነው። መስመሩ ከቸርኬው እኩል ርቆ ሙሉ ዙር መታየት አለበት። በአንድ ቦታ ከሰመጠ ነፋሱን አውጥቶ፣ ጠርዙን በሳሙና ውኃ አርሶ እንደገና መንፋት ነው። እንዲቀመጥ ተብሎ ከ40 ፒኤስአይ በላይ መንፋት ግን አደገኛ ነው፤ በጎማው ጠርዝ ውስጥ ያለው ሽቦ ሊበጠስ ይችላል። የቫልቩ ነት ደግሞ ቸርኬው ላይ ተጠብቆ አይታሰር፤ ወደ ላይ ተመልሶ ከቫልቩ ክዳን ሥር ይቆለፍ። ጎማው በቸርኬው ላይ መንሸራተት ከጀመረ ካላማዳሪውን ይጎትተውና ቫልቩ ያጋድላል። ነቱ ከላይ ከሆነ ይህን ሞተሩ ቆሞ እያለ በዓይን ታያለህ፤ ቸርኬው ላይ ከታሰረ ግን ቫልቩ ከሥሩ እስኪቆረጥ ድረስ ምልክት የለም።

የፊትና የኋላ ማቀያየሩን በአጭሩ። የአሮጌው ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ፊትም ኋላም 3.25-19 ነውና ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ለሁለቱም ቦታ ተብለው የሚሠሩ ጎማዎችም አሉ። ቢሆንም ለፊት ብቻ የተሠራ፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉት ጎማ ኋላ ላይ አይሠራም፤ ጭቃ ላይ የሚገፋበት ጥርስ የለውም። ለሁለቱም የሚሆነው ሲዛወር ደግሞ ጎኑ ላይ ያለው፣ መዞሪያውን የሚያሳየው የቀስት አቅጣጫ ይገለበጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጎማው ሲሠራ ላስቲኩ ዙሪያውን ተጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ ተደራርቦ ይጣበቃል። ፊት ላይ ትልቁ ኃይል የፍሬን ነው፤ ወደ ኋላ ይጎትታል። ኋላ ላይ ትልቁ ኃይል የሞተሩ ግፊት ነው፤ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። መጋጠሚያው እንዲላቀቅ ሳይሆን እንዲጠብቅ በሚያደርገው አቅጣጫ መዞር አለበት። ብዙ ጎማ ላይ ለፊትና ለኋላ ሁለት የተለያዩ ቀስቶች የሚታተሙት ለዚህ ነው።

ነፋስን በተመለከተ፣ ጎማው ጎን ላይ የሚጻፈው ቁጥር የጎማው ጣሪያ ነው፤ ከፍተኛውን ክብደት ሲሸከም የሚያስፈልገው ከፍተኛ ግፊት። የሞተሩ ልክ ግን በካቴና መሸፈኛው ወይም በኋላ ሹካው ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ አለዚያም በመመሪያው ላይ ይገኛል። ለትንንሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ፊት 25 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ኋላ ለአንድ ሰው 28 አካባቢ፣ ለሁለት ሰው ከዚያ ከፍ ይላል። ጎኑ ላይ 40 ስለተጻፈ ፊቱን 40 የሚሞላ ሰው ከላይ በሰላነው መሠረት መሬት የሚነካውን ቆዳ ከሲሶ በላይ ቀነሰው፤ ኮብልስቶን ላይ ዝናብ ሲዘንብ የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታም ያገባዋል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ ልኩን ሞልቶ ወደ መተሐራ የሚወርድ ሰው፣ ሙቀቱ ባይለወጥ፣ ከውጭ ያለው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ላይ 2 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። የቆላው ሙቀት ይህን መልሶ ያካክሰዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግን እጥረቱ ይታያል። ስለዚህ ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ እንደገና ይለካ። ጎማው ላይ 6ፒአር (6PR፣ የጥንካሬ ደረጃ) የሚል ከተጻፈበት ከ4ፒአር የጠነከረ ነው፤ ጭነት ለሚያመላልስ ይጠቅማል፣ ባዶውን ለሚነዳ ግን ያንገጫግጫል።

በመጨረሻ የዕድሜው ጉዳይ። ጥርስ መኖሩ ጎማው ደኅና ነው ማለት አይደለም። ላስቲክ ሳይነዳም ይደርቃል፤ በፀሐይና በሙቀት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ደግሞ ፈጥኖ ይደርቃል። ለአሮጌ ሞተር የሚሆኑ ቁጥሮች ቶሎ ስለማይሸጡ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆዩ ‹‹አዲስ›› ጎማዎች የሚገኙት በእነሱ መካከል ነው። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን ነው። አሃዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ዋጋውን መጠየቅም አያስፈልግም። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በደንብ መመርመር፣ አሥር ከሞላው ምንም ቢያምር መጣል ነው። ምርመራው ቀላል ነው፦ ጎኑን በአውራ ጣት ገፍቶ ማጠፍና በጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ መፈለግ፤ ጥፍርን ጥርሱ ላይ ተጭኖ ምልክቱ ተመልሶ መሙላቱን ማየት። እንደ እንጨት ከደረቀ ጥፍር አይገባም። ሙሉው የዲኦቲ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚታተም፣ ጎማው ቸርኬ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ጎን አገላብጦ ማንበብ ያስፈልጋል።